የሥራ ዓምድ፦ ለቅጥር ፈተና የተጠና ለፖሊሲ ሥራ ይሆናል?

በዚህ እትም ከጎጃም ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱን መርጠናል። ጸሐፊዎቹ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ቅጥር ፈተና ሲዘጋጁ የከረሙ ናቸው፤ ሁሉም የሚጠይቁት ስለ ፖሊሲ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የኢኮኖሚክስ ምሩቅ ነኝ፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። በሦስት ዓመት ውስጥ ለክልልና ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች አምስት ጊዜ ተፈትኜ ሁለቴ ተጠባባቂ ሆኜ ቀረሁ። አዋጅና የዕቅድ ሰነድ ሳነብ ደብተር ሞልቻለሁ። «የፖሊሲ ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ግን አይቼ አላውቅም። ሥራው በእርግጥ አለ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ አለ፤ ያላዩት በዚያ ስም ስለማይወጣ ነው። በወረዳና በዞን «የዕቅድ ዝግጅት፣ ክትትልና ግምገማ ባለሙያ» ወይም «የበጀት ባለሙያ» ተብሎ ይወጣል። በግብረ ሰናይ ድርጅቶች ዘንድ «የክትትልና ግምገማ ኦፊሰር» እና «የአድቮኬሲ ኦፊሰር» ይባላል፤ በጥናት ተቋማት ደግሞ «ረዳት ተመራማሪ»። የክልሉን ክፍት ቦታ በኩር ጋዜጣ ላይና በየመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ፣ የድርጅቶቹን ረቡዕና እሑድ በሚወጣው ሪፖርተር ላይ ይከታተሉ።

የድርጅቶቹን በር ቀላል አድርገው አይዩት። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 621/2001 መሠረት ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብትና በመሰል ጉዳዮች ላይ መሥራት አይችልም ነበር። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይህን አነሳው። ሕግና በጀት አንብቦ መከራከሪያ የሚያዘጋጅ ሰው የሚፈልጉት ከዚያ ወዲህ ነው።

ደብተርዎ አይጣል። የፌዴራሉን ሕግ ከነጋሪት ጋዜጣ፣ የክልሉን ከዝክረ ሕግ ፈልጎ ትክክለኛውን አንቀጽ የሚያወጣ አመልካች እንደሚታሰበው ብዙ አይደለም። ለፈተና ያጠና ሰው ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ሌላ ነው፤ ከቁጥር ተነስቶ ማስላትና ለሚወስን ሰው አሳጥሮ መጻፍ። ኤክሴል ላይ ቢያንስ ሠንጠረዥ ማጠቃለልን፣ የመቶኛ ለውጥ ማስላትንና ሁለት ፋይል በአንድ መለያ ቁጥር ማገናኘትን ይለማመዱ። ሲቪዎ ላይ የተፈተኑባቸውን መሥሪያ ቤቶች አይዘርዝሩ፤ ቀጣሪው የሚያነበው አለመቀጠርዎን ነው። በዚያ ቦታ የሠሩትን አንድ ጽሑፍ ያስቀምጡ። ተጠባባቂ የሆኑበት ቦታ ደግሞ እስከ መቼ እንደሚጸና መሥሪያ ቤቱን በጽሑፍ ጠይቀው ይወቁ፤ ደጅ መጥናቱ ማብቂያ ይኑረው።

ለጥናት መጠይቅ እየሞሉ መረጃ ሰብሳቢ መሆንንም አይናቁት። ክፍያው በቀን ነው፣ ሥራውም ያልቃል፤ ነገር ግን ከመረጃ ሰብሳቢነት ወደ ተቆጣጣሪነት፣ ከዚያም ወደ ረዳት ተመራማሪነት የሚወስድ መንገድ ነው። ሰው የሚወድቅበት ቦታ ይታወቃል፤ መጠይቁን ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ መሙላት። ታብሌቱ ሰዓቱንና ቦታውን ይመዘግባል። አንድ ሰዓት የሚፈጅ ቃለ መጠይቅ በ12 ደቂቃ ካለቀ ተቆጣጣሪው ማታውኑ ያየዋል፤ ያ ስም ለሚቀጥለው ጥናት አይጠራም።

ጥያቄ፦ ያመለከትኩበት ድርጅት «ባለ ሁለት ገጽ ፖሊሲ ብሪፍ በናሙናነት ይላኩ» አለኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን ላሳጥረው? (ከዳንግላ)

መልስ፦ አይሆንም። የመመረቂያ ጽሑፍ «ምን አጠናሁ» ይላል፤ ብሪፍ ማለትም ለሚወስን ሰው የሚቀርብ አጭር ጽሑፍ «ማን፣ ምን፣ መቼ ያድርግ» ነው የሚለው። ከአዲስ ይጀምሩ፤ ርዕሱ ደግሞ አጠገብዎ አለ፦ የአዊ አሲዳማ አፈር።

«አፈሩ አሲዳማ ነው» የሚለው ገና የፖሊሲ ችግር አይደለም፤ የአፈር ምርመራ ውጤት ነው። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አፈሩ ፎስፈረሱን ይዞ ያስቀረዋል፤ ገበሬው በውድ የገዛው ማዳበሪያ ሰብሉ ሥር አይደርስም። መድኃኒቱ ኖራ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። እንግዲያ ኖራው ለምን ማሳ አይገባም? እዚህ ላይ እርሳስ ያንሱ። ምርመራው በሄክታር 30 ኩንታል ቢል፣ ለአንድ ጥማድ ማለትም ለሩብ ሄክታር ግድም 7.5 ኩንታል ያስፈልጋል፤ በባለ 50 ኪሎ ከረጢት 15 ነው። አንድ አህያ በአንድ ጉዞ አንድ ከረጢት ብትጭን ከቀበሌው መጋዘን እስከ ማሳው 15 ምልልስ ይሆናል፤ ያውም ለአንድ ጥማድ ብቻ። አሁን ችግሩ መልኩን ቀየረ፦ ከኖራው ዋጋ ይልቅ ማጓጓዣው ነው የያዘው። ብሪፉ የሚጀምረው ከዚህ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው አንቀጽ ከስድስት መስመር አይለፍ።

ቀጥሎ ሁለት ወይም ሦስት አማራጭ ያቅርቡ። አንዱ ኖራውን እስከ ጎጥ ድረስ በወረዳ በጀት ማጓጓዝ ነው። ሌላው አሲድ የሚችሉ ሰብሎችን፣ እንደ ድንች፣ ግብጦና ትሪቲካሌ ያሉትን ማስፋፋት ነው። ሦስተኛው ነገሩን እንዳለ መተው ነው፤ ይህንንም መጻፍ ግድ ነው፣ ምክንያቱም ባዶ አማራጭ አይደለም። በአዊ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ማንንም ሳይጠብቅ ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ተክሎ ከሰል እያከሰለ ራሱ መልስ ሰጥቷል። ለእያንዳንዱ ማን እንደሚከፍል፣ በጥማድ ስንት እንደሚወጣና ማን እንደሚጎዳ በአንድ ትንሽ ሠንጠረዥ ያሳዩ። ዋጋውን ከሰሞኑ ገበያ ይያዙ፤ የጠየቁበትን ቀንም ይጻፉ።

ብዙዎች የሚስቱት ግን ጊዜውን ነው። ኖራ ከዘር ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል ስላለበት፣ ለሰኔ ዘር ግንቦት ሳይጋመስ ማሳው ላይ መድረስ ይኖርበታል። የበጀት ዓመቱ ደግሞ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ስለዚህ የ2019 ግንቦት ኖራ ገንዘቡ የሚገኘው ሐምሌ 1 ቀን 2018 ከጀመረው በጀት ነው፤ ያ በጀት የሚረቀቀው ደግሞ በዚያው በ2018 የበልግ ወራት ነው። ከአንድ ዓመት ግድም በፊት ማለት ነው። ጥያቄው በረቂቁ ወቅት ካልገባ፣ የወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ቢስማማም የሚያወጣበት የበጀት አርዕስት የለውም። ይህን ስሌት ብሪፉ ላይ ያሳየ አመልካች ሥራውን ያውቃል።

ምክረ ሐሳቡ ውስጥ «ባለድርሻ አካላት ተቀናጅተው ይሥሩ» ወይም «ግንዛቤ ይፈጠር» የሚል ካለ ይሰርዙት። ስም ያለው ጽሕፈት ቤትና ቀን ይተኩበት።

ጥያቄ፦ ለአንድ ጽሑፍ የወረዳችንን ሕዝብ ቁጥር ብጠይቅ ጤና ጽሕፈት ቤቱ አንድ ቁጥር፣ ፕላን ሌላ ቁጥር ሰጡኝ። የትኛውን ልመን? (ከብቸና)

መልስ፦ ሁለቱም ግምት ናቸው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ከዚያ ቆጠራ ተነስቶ በዕድገት መጠን የተባዛ ነው። ጽሕፈት ቤቶቹ የተለያየ የዕድገት መጠን ከያዙ ወይም በመሐል ቀበሌ ወደ ሌላ ወረዳ ከተዛወረ ልዩነቱ ዓመት በዓመት ይሰፋል። የክትባት ሽፋን ከ100 በመቶ በላይ ሆኖ ሲያገኙም ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አካፋዩ ላይ ነው። አንዱን ቁጥር መርጠው ጽሑፉን በሙሉ በእሱ ያስሉ፤ ምንጩንና መነሻ ዓመቱን ከሠንጠረዡ ሥር ይጻፉ። ከአንዱ ተካፋይ፣ ከሌላው አካፋይ መውሰድ ግን ፈጽሞ አይደረግም። የእርሻ ቁጥር ከፈለጉ፣ የስታቲስቲክስ አገልግሎት የመኸር ናሙና ጥናት ምሥራቅ ጎጃምን፣ ምዕራብ ጎጃምንና አዊን ለየብቻ ያሳያል፤ ወደ ወረዳ ግን አይወርድም። ስለዚህ የዞኑን አማካይ ምርት የወረዳዎ አድርገው አያቅርቡ። ኔትወርክ ሲገኝ ፋይሉን አውርደው ይያዙት።

ጥያቄ፦ ሥራ ከመፈለጌ በፊት በፐብሊክ ፖሊሲ ማስተርስ ልማር? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ በእኛ እምነት መጀመሪያ አንድ ዓመት ይሥሩ፤ መረጃ መሰብሰብም ቢሆን። ልምድ የሌለው ማስተርስ ለጀማሪ ቦታ «ከሚፈለገው በላይ»፣ ለከፍተኛው ደግሞ «ልምድ የለውም» እየተባለ በሁለቱም በኩል ይመለሳል። የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲም በዋናነት የሚያስተምረው በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉትን ስለሆነ፣ ቅጥሩ መቅደሙ ለትምህርቱም በር ይከፍታል። የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን፣ ጋት የሚባለውን፣ እየሠሩ ሊወስዱት ይችላሉ፤ ለቅጥር ፈተና ያጠኑት የስሌትና የንባብ ክፍል እዚያ ይጠቅማል። ከዚያ በፊት ግን የተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ሄደው የወጪ መጋራት ጉዳይዎ የት እንደደረሰ ይጠይቁ። እሱ ሳይዘጋ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ማስላክ ስለሚያስቸግር፣ ምዝገባ ከተከፈተ በኋላ የሚጀምሩት ጉዳይ አይደለም።