ስላይዱን ራሳችሁ እዩት፦ ለወጣት የላብራቶሪና የሕፃናት ሕክምና ባለሙያዎች

ልጆቼ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ሴል ነው። ኒውክለስ፣ ማለትም የሴል አስኳል፣ ያላት ቀይ የደም ሴል። ክፍል ውስጥ ቶሎ ትታለፋለች፤ ሥራ ላይ ግን ታፍኖ፣ ማለትም ኦክስጅን አጥሮት፣ የተወለደ ሕፃን ደም ባያችሁ ቁጥር ትመጣባችኋለች።

የአዋቂ ሰው ቀይ ሴል ኒውክለሱን ጥሎ ነው ከመቅኔ የሚወጣው። ጨቅላ ሕፃን ላይ ግን ጥቂቶቹ ሳይጥሉት ወደ ደም ይገባሉ። ቀኑን ሞልቶ በደህና የተወለደ ሕፃን ላይ፣ 100 ነጭ የደም ሴል ስትቆጥሩ አብረው የሚታዩት ብዙውን ጊዜ ከ10 አይበልጡም፤ በሦስት አራት ቀን ውስጥም ይጠፋሉ። ያለ ጊዜው በተወለደ ሕፃን ላይ በርከት ይላሉ። ስለዚህ የእርግዝናውን ሳምንት ሳትጠይቁ "በዝቷል" አትበሉ።

ኦክስጅን ሲያጥር የሕፃኑ ሰውነት ኢሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ሆርሞኑ ደም የሚሠሩትን ክፍሎች ያጣድፋል፤ እነሱም ሲጣደፉ ገና ያልበሰለውን ሴል ሳይቀር ይለቃሉ። ይሄ ሁሉ ታዲያ ጊዜ ይወስዳል፣ የሴሏም ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። አፕጋር የሚባለው የአዲስ ሕፃን የጤና ነጥብ ሕፃኑ በ1ኛውና በ5ኛው ደቂቃ እንዴት እንደነበረ ይነግራችኋል። የእትብት ደም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ደግሞ በመውለጃው ሰዓት አካባቢ የነበረውን ያሳያል። ገና እንደተወለደ በተቀዳ ደም ውስጥ እነዚህ ሴሎች በጣም በዝተው ከተገኙ ግን፣ እጥረቱ ምጥ ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ተገቢ ነው።

መጠርጠር ነው ያልኩት። በዚህ ቁጥር ብቻ ተነስቶ "ጉዳቱ በዚህ ሰዓት ደረሰ" ማለት አይቻልም፣ አዋላጇን ጥፋተኛ ለማድረግም ሆነ ነፃ ለማውጣት ብቻውን አይበቃም፤ እንዲህ ሲደረግ ሳይ በጣም ነው የማዝነው። እናትየው ስኳር ካለባት ሴሎቹ ይበዛሉ። ሾተላይ ከሆነም፣ ሕፃኑ ማሕፀን ውስጥ በደንብ ካላደገም፣ እናትየው የእርግዝና ደም ግፊት ወይም የእንሽርት ውሃ ኢንፌክሽን ካለባትም እንደዚሁ። አንዳንዶቹ ራሳቸው ኦክስጅን የሚያሳጥሩ ናቸው፣ ሾተላይ ላይ ግን መነሻው የደም መፍረስ ነው። የእናትየውን ታሪክ ጠይቁ።

አሁን ወደ ላብራቶሪ ልጆቼ ልምጣ። ብዙ ማሽን፣ በተለይ የቆየው፣ ኒውክለስ ያለውን ሁሉ ነጭ ሴል ብሎ ይቆጥራል። ማሽኑ ነጭ ሴል 30,000 ቢላችሁና በስላይድ፣ ማለትም ደሙ በተቀባበት መስታወት ላይ፣ ለ100 ነጭ ሴል 50 ኒውክለስ ያላቸው ቀይ ሴሎች ብታገኙ፣ 30,000ን በ100 አባዝታችሁ ለ150 አካፍሉ። ትክክለኛው 20,000 ነው። ካላረማችሁት ሐኪሙ ኢንፌክሽን ነው ብሎ ሌላ መንገድ ሊሄድ ይችላል፣ ሕፃኑም የማያስፈልገውን አንቲባዮቲክ ሊወስድ ይችላል። ከዚያ ደግሞ "ከ100 ስንት" ብላችሁ ብቻ አትላኩ። የታመመ ሕፃን ነጭ ሴል ራሱ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ በማይክሮ ሊትር ስንት እንደሆነ ጻፉ፤ በዚህ ምሳሌ 10,000 ይሆናል ማለት ነው።

ማይክሮስኮፕ ላይ ይህቺ ሴል ሊምፎሳይት ከሚባለው ትንሽ ነጭ ሴል ጋር እንዳትምታታባችሁ። የሊምፎሳይት ዙሪያ ቀጭንና ሰማያዊ ነው። የእኛዋ ኒውክለስ ክብ፣ ድፍን ጥቁር ይመስላል፤ ዙሪያው ሮዝ ወይም ግራጫ ይላል። ሲቸኩል እጅ ይሳሳታል፣ ቀስ በሉ። ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን ፕሌትሌትንም አብራችሁ እዩ፣ ታፍነው የተወለዱት ላይ ብዙ ጊዜ ይወርዳል።

ሐኪሞች ደግሞ፣ ይህን ቁጥር ስትጠብቁ ሰዓት እንዳያልፍባችሁ። አንጎሉን ከጉዳት ለመጠበቅ ሕፃኑን የማቀዝቀዝ ሕክምና በተወለደ በ6 ሰዓት ውስጥ ነው መጀመር ያለበት፤ ሰውነቱ 33 እና 34 ዲግሪ መካከል ሆኖ ለ72 ሰዓት ይቆያል። ውሳኔው የሚሰጠው በእርግዝናው ሳምንት፣ በደሙ አሲድነትና በነርቭ ምርመራው ነው። የሴሉ ቆጠራ ከዚያ በኋላ ይምጣ፣ በማግስቱም ይደገም። ቁጥሩ እየወረደ ከሄደ ጥሩ ምልክት ነው፤ አልወርድ ካለ ወይም ጭራሽ ከጨመረ ሌላ ምክንያት ፈልጉ።

ደሙን ስትልኩ ሕፃኑ የተወለደበትንና ደሙ የተቀዳበትን ሰዓት፣ የእርግዝናውን ሳምንት፣ ደሙም ከእትብት ይሁን ከተረከዝ ፎርሙ ላይ ጻፉ። እናንተም ላብራቶሪ ያላችሁት፣ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ካገኛችሁት ወረቀቱ እስኪደርስ አትጠብቁ። ስልክ ደውሉ።