የአንባቢያን ጥያቄ፦ መስመር መቀየር ለምን ይህን ያህል ያደክማል?

ጥያቄ፦ ቤቴ ከሲኤምሲ ገባ ብሎ ነው፤ የምሠራው አውቶቡስ ተራ አካባቢ ነው። ጠዋት በታክሲ እስከ ባቡር ጣቢያው እሄድና ስታዲየም ላይ ወርጄ ወደ አውቶቡስ ተራ የሚሄደውን ባቡር እጠብቃለሁ። ማታ ባቡሩ ሲሞላብኝ ከመገናኛ በታክሲ እገባለሁ፤ ቀድሞ በአንድ ታክሲ የምጨርሰው መንገድ ግን አሁን ለሁለት ተቆራርጦ ሁለት ጊዜ እከፍላለሁ። ሰዓቱ ከበፊቱ ብዙም አልረዘመም፤ ድካሙ ግን እጥፍ ሆኖብኛል። ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናቴን ይዤ ስሄድ ደግሞ ይብሳል። ሁሉም መስመር ቀጥታ ቢሆን አይሻልም ወይ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ድካምዎ የሰዓት ቆጠራ የማይገልጸው ነገር ግን እውነተኛ ድካም ነው። በልዩ ልዩ ከተሞች የተደረጉ የትራንስፖርት ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ተሳፋሪ ቆሞ የሚጠብቃት አንዲት ደቂቃ ተቀምጦ ከሚጓዝባት ደቂቃ ሁለት እጥፍ ያህል ትከብደዋለች። ምክንያቱን ለማየት ማታ መገናኛ ላይ የቆመን ሰው መመልከት ይበቃል፤ አንድ እጁ ቦርሳው ላይ ነው፣ በሌላው ዝርዝር ብር ጨብጧል፣ ረዳቱ የሚጠራው የእርሱ ሰፈር መሆን አለመሆኑን ለመለየት ጆሮውን አቁሟል። መስመር በተቀየረ ቁጥር ይህ ሁሉ እንደገና ይጀመራል።

ይሁን እንጂ ሁሉም መስመር ቀጥታ ይሁን ቢባል መጠበቁ ሊብስ ይችላል። ሦስት ሰፈሮችንና ሦስት የሥራ ቦታዎችን በቀጥታ ለማገናኘት ዘጠኝ መስመሮች ያስፈልጋሉ። ያሉት አውቶቡሶች 18 ቢሆኑ ለእያንዳንዱ መስመር የሚደርሱት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ደርሶ መልሱ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ከሆነም አውቶቡስ የሚመጣው በየ30 ደቂቃው ስለሚሆን ተሳፋሪው በአማካይ 15 ደቂቃ ይጠብቃል። እነዚያኑ አውቶቡሶች መሀል ላይ በሚገናኙ ሦስት መስመሮች ብናሰማራቸው ግን በየ10 ደቂቃው ይመጣሉ፤ ሁለት ጊዜ የሚሳፈረው ሰው እንኳ በድምሩ የሚጠብቀው 10 ደቂቃ ነው። ነገር ግን ይህ የሚሠራው አውቶቡሶቹ ተራርቀው ሲመጡ ብቻ ነው። ሦስቱ ተከታትለው መጥተው ከዚያ ግማሽ ሰዓት ከጠፉ አማካዩ ወደ 15 ደቂቃ ይመለሳል፣ ያውም በእያንዳንዱ መቀየሪያ።

የታክሲው ማቆራረጥ ከዚህ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። ታክሲው ያንኑ መንገድ ለሁለት ከፍሎ ሁለት ሒሳብ ሲያስከፍል ተሳፋሪው በምላሹ የሚያገኘው ተጨማሪ ምልልስ የለም፤ ስለዚህ ቅሬታዎ በእኔ እምነት ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው። በታቀደ የመስመር ቅየራም ቢሆን እንደገና መክፈል ቅጣት ይሆናል። ለንደን እ.ኤ.አ. በ2016 በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለተኛ አውቶቡስ ለሚሳፈር ሰው ድጋሚ ክፍያን አስቀርታለች፤ ሴኡልም እ.ኤ.አ. በ2004 የአውቶቡስና የምድር ባቡር ታሪፏን አዋህዳ፣ ተሳፋሪው መስመር በቀየረ ቁጥር እንደ አዲስ ሳይሆን በተጓዘው ርቀት እንዲከፍል አድርጋለች። በእኛ ከተማ ታክሲው፣ አውቶቡሱና ባቡሩ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይከፈልባቸዋል።

ስለ እናትዎ ግን ዛሬውኑ የሚጠቅም ነገር አለ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩት ሁለቱ የቀላል ባቡር መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ፤ በለገሃር፣ በሜክሲኮና በተግባረ እድ በኩል ማለት ነው። ከሲኤምሲ ወደ አውቶቡስ ተራ ስትሄዱ ሁለቱም ባቡሮች በዚህ ክፍል የሚጓዙት ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ የግድ ስታዲየም ላይ መውረድ የለባችሁም። ከኋላ የሚመጣው ባቡር የእናንተን ሊቀድም ስለማይችል፣ እናትዎ መቀመጫ ካገኙ እስከ ልደታ ተቀምጠው ሄደው እዚያው ቢጠብቁት አንዲት ደቂቃ አትባክንባቸውም። ስታዲየም ላይ መውረድ የሚሻለው የመጀመሪያው ባቡር ተጨናንቆ ቆመው የሚሄዱ ከሆነ ነው። መድረሻችሁ ሳሪስ ቢሆን ኖሮ ግን ምክሩ ይለወጥ ነበር፤ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚመጣውን ባቡር መያዝ ስለሚኖርባችሁ ስታዲየምን አልፎ መሄድ ያንኑ መንገድ መልሶ መምጣት ይሆናል።