ጣቶቹ ስኒው ጋ ሳይደርሱ እዩአቸው፦ ለወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች

ይድረስ ለሙያ ልጆቼ፣

ስትሮክ ያገኘውን ሰው ስትመረምሩ «እጄን ጨብጥ፣ ክንድህን አንሣ» ብላችሁ የጡንቻውን ጉልበት ብቻ መዝግባችሁ እንዳትነሡ አደራ እላለሁ። እኔ በሥራው መጀመሪያ ላይ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። የእጃቸው ጉልበትም ስሜትም ደኅና የሆነ አንዲት እናት ስኒ ባነሡ ቁጥር ሲያፈሱ አይቼ «ልብ አላሉትም» ብዬ ጽፌ አልፌአለሁ፤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ጤነኛ እጅ ገና በአየር ላይ ሳለ ጣቶቹ ከሚነሣው ዕቃ ጥቂት ሰፋ ብለው ይከፈቱና ጉዞው ከተጋመሰ በኋላ እየጠበቡ ይደርሳሉ። ፈረንሳዊው የአንጎል ተመራማሪ ማርክ ዣንሮ ይህን በፊልም እየቀረጹ አጥንተውታል። ዓይን ያየውን ቅርጽ ወደ ጣት አከፋፈት በመለወጥ ረገድ ትልቁን ድርሻ የያዘው በአንጎል ፓራይታል ሎብ (ከአናት ወደ ኋላ ባለው የአንጎል ክፍል) ውስጥ ያለው፣ ኢንትራፓራይታል የተባለው ስርጉድ ፊተኛ ጫፍ ነው። ሂዴኦ ሳካታና ባልደረቦቻቸው ጃፓን ውስጥ በጦጣዎች ላይ ባደረጉት ምርምር፣ በዚህ ስፍራ ካሉት የነርቭ ሴሎች አንዳንዶቹ ዕቃው ገና ሲታይ፣ ሌሎቹ እጅ ሲጨብጥ፣ የቀሩት ደግሞ በሁለቱም ጊዜ እንደሚነቁ አሳይተዋል። በ1994 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ስፍራው ሙሲሞል በተባለ ንጥረ ነገር ለጊዜው እንዲደነዝዝ ሲደረግ፣ ጦጣዋ እጇን ወደ ዕቃው በትክክል እየዘረጋች ጣቶቿን ግን ለዕቃው በሚስማማ መልክ ማዘጋጀት ተሳናት።

የዚህ ተቃራኒም አለ። በካርቦን ሞኖክሳይድ የተመረዘች አንዲት ሴት (በዝግ ቤት ከሰል የሚያነድ ሁሉ የሚፈራው ያው ጋዝ ነው) አንድ ጠባብ ቀዳዳ ወዴት እንዳዘነበለ መናገር እያቃታት፣ ካርድ ሲሰጧት ግን አስተካክላ ታስገባበት እንደነበር ተመራማሪዎቹ ጉዴልና ሚልነር በ1991 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል። ስለዚህ በሽተኛው የዕቃውን ስምና መጠን በትክክል ስለነገራችሁ ብቻ እጁም ያውቀዋል ብላችሁ አትደምድሙ።

ስኒ፣ እርሳስና አዝራር አቅርቡለት፤ ከፊት ለፊቱ ሳይሆን ከጎኑ ተቀምጣችሁ፣ ቢቻል በስልካችሁ ቀርጻችሁ፣ ጣቶቹ ዕቃውን ከመንካታቸው በፊት ያላቸውን አከፋፈት በሁለቱም እጅ ተመልከቱ።

ያቺ እናት ከወራት በኋላ ስኒውን ቀድመው በጣታቸው ጫፍ ነካ አድርገው፣ እጃቸው ቅርጹን በመዳሰስ ካወቀ በኋላ ማንሣት ጀመሩ። ልጆቻቸው የቡናውን ትኩሳት የሚለኩ መስሏቸው ነበር።