ውጤት ከመቁጠራችሁ በፊት ያልተደረጉትን ጨዋታዎች ቁጠሩ

ለወጣት የስፖርት ጸሐፊዎች፣

የሁለት ቡድኖችን የባላንጣነት ታሪክ ጻፉ ስትባሉ መጀመሪያ የምትሮጡት ወደ ውጤቱ ነው፤ ማን ስንት ጊዜ አሸነፈ፣ በስንት ነጥብ ልዩነት። ምክሬ ግን ሌላ ነው፤ መርሐ ግብሩን ዘርግታችሁ ያልተገናኙባቸውን ዓመታት ፈልጉ። ለዚህ የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲና የሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድኖች ጥሩ ማስተማሪያ ናቸው። (ዓመታቱም ቀኖቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛው አቆጣጠር ላይ ወረድ ብዬ እመለሳለሁ።)

ሁለቱም በአሜሪካዋ ኬንታኪ ግዛት ውስጥ ናቸው፤ አንዱ ሌክሲንግተን፣ ሌላው ሉዊቪል፣ መካከላቸው 125 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። መጀመሪያ የተጋጠሙት በ1913 ሲሆን ኬንታኪ 34 ለ10 አሸነፈ። ከ1922 በኋላ ግን እስከ 1983 ድረስ አንድም የመደበኛ ውድድር ዘመን ጨዋታ አላደረጉም። ስልሳ አንድ ዓመት መሆኑ ነው።

የእኛ አገር አንባቢ ይህን ሲሰማ ግራ ይገባዋል። እኛ ጋ ዕጣ ወጥቶ መርሐ ግብሩ ከጸደቀ ቡድን የሚመርጠው ነገር የለም፤ ካልመጣ ፎርፌ ይሰጥበታል። የአሜሪካ ኮሌጆች ግን በግዴታ የሚጫወቱት በኮንፈረንሳቸው፣ ማለትም አባል በሆኑበት የዩኒቨርሲቲዎች የውድድር ማኅበር ውስጥ ካሉት ጋር ነው፤ የቀረውን ጨዋታ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ተዋውለው ይይዛሉ። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ በተለያየ ኮንፈረንስ ውስጥ ስለነበሩ አንዱ «አልፈልግም» ካለ ነገሩ አለቀ። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ሳታስረዱ ወደ ታሪኩ ከገባችሁ አንባቢያችሁን መንገድ ላይ ትጥሉታላችሁ።

አልፈልግም ያለው ኬንታኪ ነው። ከ1930 እስከ 1972 ያሠለጠነው አዶልፍ ራፕ አራት የአገር አቀፍ ዋንጫ ወስዷል፤ በ1948፣ 1949፣ 1951 እና 1958። ስሌቱም ቀላል ነበር። የግዛቱን ሌላ ቡድን ቢያሸንፍ የሚደነቅ የለም፤ ቢሸነፍ ግን ተጫዋች፣ ገንዘብና ዝና ወደ ባላንጣው ይሄዳል። ተተኪው ጆ ሆልም በዚያው አቋም ጸና። ያላገናኛቸው ነገር ቢኖር ውል ብቻ ነው፤ ውድድር ግን አልፎ አልፎ በግድ ያገናኛቸው ነበር። በ1959 በአገር አቀፉ ውድድር ሉዊቪል ያለፈውን ዓመት ዋንጫ ባለቤት ኬንታኪን 76 ለ61 አሰናበተው። እንዲህ ያለ ውጤት እምቢታውን ያጸናዋል እንጂ አያላላውም።

ታዲያ ምን አላላው? እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ የታሪኩ ሥጋ ያለው እዚህ ነው። ከተማው ያስተዳድረው የነበረው ሉዊቪል በ1970 ወደ ግዛቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሥርዓት ገባ፤ ስለዚህ ሁለቱም ከአንድ ካዝና የሚበሉ ሆኑ። በ1971 ዴኒ ክራም አሠልጣኝ ሆኖ መጣና «እንጋጠም» እያለ በአደባባይ መወትወት ጀመረ፤ በ1980 ደግሞ ዋንጫ አነሣ። ኬንታኪ በ1978 ወስዶ ስለነበር ግዛቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ሻምፒዮኖች አገኘ። የዘሩንም ጉዳይ አትዝለሉት። ሉዊቪል ጥቁር ተጫዋቾችን ያሰለፈው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ በኬንታኪ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች የተሰለፈው ግን በ1970-71 ነው። የደጋፊዎቹን ቁርሾ በሉዊቪል ቀይና በኬንታኪ ሰማያዊ ማሊያ ብቻ የሚያስረዳ ጽሑፍ ግማሹን ነው የተናገረው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ሰው ጆን ብራውን ነው። ከኬንታኪ ፍራይድ ቺክን ሀብት ያፈራው ይህ ነጋዴ ሉዊቪል ውስጥ ኬንታኪ ኮሎኔልስ የሚባል የፕሮፌሽናል ቡድን ነበረው። በ1976 ቡድኑ የሚጫወትበት ሊግ ኤ ቢ ኤ ከሌላው የፕሮፌሽናል ሊግ ከኤን ቢ ኤ ጋር ሲዋሐድ 3 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሎ ቡድኑን አፈረሰ። ግዛቱ ያለ ትልቅ የፕሮፌሽናል ቡድን ሲቀር የሕዝቡ ስሜት ሁሉ ወደ ኮሌጆቹ ዞረ። ያው ብራውን በኋላ አገረ ገዥ ሆነና ዩኒቨርሲቲዎቹ እንዲጋጠሙ ይገፋፋ ጀመር!

መጋቢት 26 ቀን 1983 ቴነሲ ውስጥ ኖክስቪል ላይ ዕጣው አገናኛቸው። አገረ ገዥው ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ሰማያዊ የሆነ ኮት ለብሶ መጣ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል የኬንታኪው ጂም ማስተር ወርውሮ አስገባና 62 ለ62 ሆኑ። በጭማሪው ሰዓት ግን ሉዊቪል ኬንታኪን 18 ለ6 በልጦ 80 ለ68 አሸነፈ። የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ያየ ጀማሪ «በ12 ነጥብ በቀላሉ አሸነፈ» ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ በሠንጠረዣችሁ ላይ የመደበኛው ሰዓት ውጤትና የመጨረሻው ውጤት የየራሳቸው ዓምድ ይኑራቸው።

ከዚያ በኋላ እምቢ ማለት አልተቻለም። ኅዳር 26 ቀን 1983 ሌክሲንግተን ውስጥ በራፕ አሬና ኬንታኪ 65 ለ44 አሸነፈ፤ ከዚያ ወዲህ ኮሮና ካስቀረው ከ2021-22 በስተቀር በየውድድር ዘመኑ ተገናኝተዋል።

ሁለቱ የ1983 ጨዋታዎች ግን ወጥመድ አላቸው፤ ዓመቱ አንድ፣ የውድድር ዘመኑ ሁለት ነው። እዚህ ላይ የእኛ ዘመን አቆጣጠር ይጠቅማችኋል። የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ በኅዳር ተጀምሮ በሚያዝያ መጀመሪያ ስለሚያልቅ ሙሉ ውድድሩ በአንድ የኢትዮጵያ ዓመት ውስጥ ያርፋል። የኖክስቪሉ መጋቢት 17 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ የሌክሲንግተኑ ኅዳር 16 ቀን 1976 ዓ.ም. ነው። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስትመልሱት የውድድር ዘመኑም አብሮ ይለያል። በተለይ ብዙዎቹ ጨዋታዎች በታኅሣሥ መጨረሻ ስለሚደረጉ ይህን ያላደረገ ሰው አንዱን ዘመን ሁለቴ ቆጥሮ ሌላውን ይዘልላል።

የቅርቡን ዘመን ብዙ ሰው ስለሚያውቀው አታንዛዙት። ሪክ ፒቲኖ በ1996 ለኬንታኪ ዋንጫ አምጥቶ ከ2001 ጀምሮ ሉዊቪልን ማሠልጠኑ፣ በ2012 በኒው ኦርሊንስ ግማሽ ፍጻሜ ኬንታኪ 69 ለ61 ማሸነፉ ይበቃል። ለዚያ ጨዋታ ዋዜማ ጆርጅታውን በምትባል ከተማ ለኩላሊት እጥበት የመጡ ሁለት አዛውንት ክሊኒኩ ውስጥ ተደባድበው ፖሊስ ተጠርቶ ነበር፤ የስሜቱን ልክ ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ቅጽል አያስፈልጋችሁም።

ጥንቃቄ የሚሻው የተሰረዘው ድል ነው። የአሜሪካን ኮሌጆች ስፖርት የሚመራው ኤን ሲ ኤ ኤ በ2018 ባጸናው ቅጣት ሉዊቪል ከ2011-12 እስከ 2014-15 ያገኛቸው 123 ድሎችና የ2013 ዋንጫው ተሰርዘዋል። በነዚያ አራት የውድድር ዘመናት ሉዊቪል ኬንታኪን ያሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በታኅሣሥ 2012፣ 80 ለ77። ስረዛ እንደ ፎርፌ አይደለም። በፎርፌ ድሉ ለተሸናፊው ይሰጣል፤ በስረዛ ግን ያሸነፈው ድሉን ያጣል፣ የተሸነፈውም ከነሽንፈቱ ይቀራል። በዚህ ምክንያት የአንዱ ቡድን ድል ከሌላው ሽንፈት ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጨዋታ «ተሰርዟል» የሚል ዓምድ ክፈቱ፤ ጨዋታውን ከሠንጠረዡ አታውጡት፣ ጠቅላላ ድምሩን ስትጽፉም የተሰረዘውን ጨምራችሁ ይሁን ቀንሳችሁ እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተናገሩ።