መብራት ላይ የምትመጣው ብርቱካናማ ተርብ፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከፒያሳ አንድ አባላችን የላከው ፎቶ ብዙ ጥያቄ አስነስቷል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ አምፖሉ ሥር፣ ግድግዳ ላይ ያረፈች ብርቱካናማ ተርብ ናት። ወገቧ ቀጭን፣ አንቴናዋ ረጅም፣ ሆዷ ከግራና ከቀኝ የተጨፈለቀ። ሥራዬ ነፍሳትን መለየት ስለሆነ የቻልኩትን ያህል ልመልስ።

ከፒያሳ፦ ስሟ ማን ነው? የስልኬ መተግበሪያ «ኦፊዮን ሉቴየስ» ብሎኛል።

መተግበሪያውን አትመነው። ይህን የዝርያ ስም ያወጣው ስዊድናዊው ተመራማሪ ሊኒየስ ነው፣ በ1758 እ.ኤ.አ.፣ ለአውሮፓ ተርብ። እዚያው አውሮፓ እንኳ ማታ መብራት ላይ የተገኘች ብርቱካናማ ተርብ ሁሉ ለረጅም ጊዜ በዚሁ ስም ስትጠራ ኖራለች። መተግበሪያዎቹ ደግሞ በአብዛኛው የሠለጠኑት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ፎቶዎች ነው። የአዲስ አበባዋን ሲያዩ የሚያውቁትን ስም ይለጥፉባታል። ፎቶህን አጉልቼ ክንፏን አየሁት። ቤተሰቧ ኢክኒውሞኒዴ፣ ወገኗ (በቤተሰብና በዝርያ መካከል ያለው ምድብ) ኤኒኮስፒለስ ነው። ዝርያዋን በዚህ ፎቶ መጥራት አይቻልም።

ከካዛንቺስ፦ በምን ለዩአት? ለእኔ ሁሉም አንድ ናቸው።

ቢመስሉዎት አይፈረድብዎትም። ሌሊት የሚበሩ ጥገኛ ተርቦች (እጫቸው በሌላ ነፍሳት ላይ የሚያድግ) የመጡት ከተለያየ ዘር ነው፤ መልካቸው ግን አንድ ሆኗል። ፈዘዝ ያለ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ቀለም፣ ረጅም አንቴና፣ ትልልቅ ዓይኖች። አናታቸው ላይ ያሉት ሦስት ነጠላ ዓይኖችም ከቀን ተርቦች ይልቅ ያበጡ ናቸው፤ በጨለማ ያለችውን ጥቂት ብርሃን የሚለቅሙት በእነሱ ነው። ስለዚህ ቀለሙን እርሱትና ወደ ክንፉ ይሂዱ።

መጀመሪያ ቤተሰቡ። ብራኮኒዴ የሚባል የቅርብ ዘመድ ቤተሰብ አለ፤ እሱም ብርቱካናማ የሌሊት ተርቦች አሉት። በኢክኒውሞኒዴ የፊት ክንፍ ከመሃል ወደ ኋላ የሚወርዱ ሁለት አጫጭር ተሻጋሪ ጅማቶች ይታያሉ። በብራኮኒዴ ሁለተኛው የለም። ከስንት አንድ የሚያፈነግጥ ቢኖርም ይህ ምልክት አስተማማኝ ነው።

ቀጥሎ ወገኑ። ኔቴሊያ የምትባለዋ ሌላ የኢክኒውሞኒዴ ወገን ብዙ ጊዜ በክንፏ መሃል በጅማት የታጠረች ትንሽ ሦስት ማዕዘን አላት። ኤኒኮስፒለስ ይህቺ የላትም። በምትኩ ከፊት ክንፏ የላይኛው ጠርዝ በታች ፀጉር አልባ የሆነ ጥርት ያለ ቦታ አለ። ብዙ ጊዜ በዚያ ቦታ ውስጥ ቡናማ፣ ጠጠር ያሉ ቁርጥራጮች ይገኛሉ። በጣም የምወደው ምልክት ይሄ ነው! የቁርጥራጮቹ ቅርጽ፣ ብዛትና አቀማመጥ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል፣ ልክ እንደ ጣት አሻራ። በዓለም ላይ ከ700 በላይ የኤኒኮስፒለስ ዝርያዎች ተገልጸዋል፤ ያለዚህ ምልክት ስም መጥራት ግምት ነው። የአፍሪካዎቹን ለመለየት ተመራማሪዎቹ ጎልድና ሚቸል በ1978 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሥራ ዛሬም መነሻችን ነው።

ከስድስት ኪሎ፦ ትናደፋለች? ትንንሽ ልጆች አሉኝ።

በእጅ ካልያዟት አትነካም። ከተያዘች ሴቷ ልትወጋ ትችላለች፤ በተለይ ኔቴሊያ ታማለች፣ ግን ቶሎ ይለቃል። አለርጂ ያለበት ሰው ይጠንቀቅ። ብርጭቆ ድፉባት፣ ከሥር ወረቀት አስገቡና በመስኮት አውጧት። ፍሊት አያስፈልግም፣ እባክዎ።

ከሜክሲኮ፦ ጥገኛ ማለት እንደ መዥገር ነው?

አይደለም። መዥገር ደም መጥጦ ይሄዳል፤ ላሟ በሕይወት ትቀጥላለች። የጥገኛ ተርብ እጭ ግን የሚያድግበትን ነፍሳት በመጨረሻ ይገድለዋል። ኤኒኮስፒለስ እንቁላሏን የእሳት እራት ትል ሰውነት ውስጥ ትጥላለች። እጩ ከውስጥ እየበላ ያድጋል። ኔቴሊያ ደግሞ ትሉን ለጊዜው አደንዝዛ እንቁላሏን ቆዳው ላይ በቀጭን ዘንግ ትተክለዋለች። ትሉ ተነሥቶ መብላቱን ይቀጥላል። ወደ ሙሽሬነት ሊለወጥ አፈር ውስጥ ሲገባ ነው እጩ ከውጭ ሆኖ የሚጨርሰው። ማታ የሚበሩትም ለዚህ ይመስለኛል፤ ብዙዎቹ የሚፈልጓቸው ትሎች ሌሊት ወጥተው የሚበሉ ናቸው።

ተማሪ ነኝ፣ አራት ኪሎ፦ ስም ማውጣቱ ለገበሬው ምን ይረባዋል?

ብዙ ይረባዋል። መጤ ተምች የሚባለው የእሳት እራት ትል በ2017 እ.ኤ.አ. አገራችን ገብቶ በቆሎውን ሲያወድም የመጀመሪያው ጥያቄ «እዚህ ጠላት አለው ወይ?» የሚል ነበር። ተመራማሪዎች ትሎቹን ከማሳ ሰብስበው ሲያሳድጉ ተርቦች ወጡ። ኢትዮጵያ ውስጥ ዋናዋ ኮቴሲያ ኢሲፔ ሆና ተገኘች፤ የብራኮኒዴ ቤተሰብ ጥቃቅን ጥቁር ተርብ ናት። ይህች ዝርያ በሳይንስ የተገለጸችውና ስም ያገኘችው በዚያው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ስም ባይኖራት ኬንያ የተገኘችውና እኛ ጋ የተገኘችው አንድ መሆናቸውን በምን እናውቅ ነበር? መድኃኒት የሚረጭ ሰው የትኛዋን ወዳጁን እንደሚገድል የሚነግረውም ይኸው ስም ነው።

ከፒያሳ፣ በድጋሚ፦ ዝርያዋ እንዲታወቅ ምን ላድርግ?

እንደገና ከመጣች ሦስት ፎቶ አንሣ፦ ከጎን፣ ፊቷን፣ ክንፏን ከላይ። የክንፉ ከጠራ ግማሹ ሥራ አለቀ። ሚሊሜትር ያለው ማስመሪያ አጠገቧ አስቀምጥ። ናሙና ከያዝክ ደግሞ ፍሪዘር ውስጥ አሳድራትና 96 በመቶ አልኮል ውስጥ ክተታት። እግሯ ብቻውን ለዲኤንኤ ምርመራ ይበቃል። ለነፍሳት የተለመደው መለያ 658 የዲኤንኤ ፊደል ያህል ርዝመት ያለው የአንድ ዘረመል ቁራጭ ነው።

ከናሙናው ጋር የምታስገባውን መለያ ወረቀት በእርሳስ ጻፈው፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል። ቦታ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ከፍታ፣ የመብራቱ ዓይነት። ቦታና ቀን የሌለው ናሙና ለምደባ ብዙም አይጠቅምም። ከዚያ አራት ኪሎ ሳይንስ ግቢ ወዳለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሙዚየም ብቅ በልና ይቀበሉህ እንደሆነ ጠይቅ። ጓሮህ ጎመን ካለህ ደግሞ ትሉን ከነቅጠሉ ማሰሮ ውስጥ አሳድገው፣ አፉን በሻሽ እሰረው። ተርብ ከወጣችበት የትሉን ባዶ ቆዳ አትጣለው፣ አብረህ አምጣው።