ለሦስተኛ ፓርቲ ልምረጥ ወይ? ላለችኝ ልጅና ለእኩዮቿ

ሰላም ለእናንተ ይሁን ልጆቼ።

ሰሞኑን አንዲት የጎረቤቴ ልጅ ቡና ላይ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። እዚሁ ቨርጂኒያ ተወልዳ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰች ገና ዓመት ያልሞላት ናት። «ጋሼ፣ ሰው ሁሉ ለውጥ እፈልጋለሁ ይላል። ምርጫ ሲመጣ ግን ያንኑ ዲሞክራት ወይ ያንኑ ሪፐብሊካን ይመርጣል። እውነት ለውጥ የሚፈልግ ሰው አለ? እኔስ ለሦስተኛ ፓርቲ ብመርጥ ድምፄን ጣልኩት ማለት ነው?» አለችኝ። እናቷ «ተይ አሁን ጋሼን አታድክሚያቸው» አለቻት። እኔ ግን ጥያቄዋን ይዤው ቤት ገባሁ። መልሱም ቡና ላይ የሚያልቅ ስላልሆነ ልጻፍላችሁ አልኩ።

ጥያቄው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ጋሉፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት አጥኚ በ2023 አሜሪካውያንን ጠይቆ ነበር (ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። 63 ከመቶው ሁለቱ ፓርቲዎች ሕዝቡን በደንብ ስለማይወክሉ ሦስተኛ ትልቅ ፓርቲ ያስፈልጋል አሉ። በዓመቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ መጣ። ከሁለቱ ፓርቲዎች ውጭ የነበሩት ዕጩዎች በሙሉ ተደምረው ያገኙት ከመቶ ሁለት ያህል ነው። ኮንግረስም እንደዚያው ነው። የሚያመሰግነው ሰው አይገኝም፤ ለድጋሚ ምርጫ ከሚቀርቡት የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ግን ከመቶ ዘጠናው በላይ ተመልሰው ይገባሉ።

እንግዲህ ሕዝቡ ዋሽቷል ማለት ነው? እኔ አይመስለኝም። ለምን እንደማይመስለኝ ለመናገር ስለ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ልንገራችሁ።

እዚህ አገር በመሐንዲስነት ነው ያረጀሁት። ሥራዬ የዝናብ ውሃ መውረጃ ነበር። አጠገቤ ያለው ጠረጴዛ ላይ ይሠራ የነበረው ሰው የካውንቲያችንን (ከስቴት በታች ያለ የአስተዳደር አካባቢ ነው) መንገድ ሁሉ፣ የትኛው ሰፈር ምድር ቤቱ ውሃ እንደሚገባበት ሳይቀር በቃሉ ያውቀዋል። ምሳ ሰዓት ላይ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ካውንቲውን ያማል። ቱቦው አርጅቷል፣ ግብሩ ጨምሯል፣ እሁድ አውቶቡስ የለም፣ ካውንቲውን የሚያስተዳድረው ቦርድ ላይ የተቀመጡት ሰዎች አይሰሙም። በየቀኑ ይኸው ነው። አንድ ቀን ይህ ሰው ሳንድዊቹን አስቀመጠና «እሺ፣ እኔ እወዳደራለሁ» አለ። ከሁለቱ ፓርቲዎች የአንዱን ደጅ አልጠናም፤ በግል ነው የምቀርበው አለ። ሁሉም አጨበጨበለት።

በቨርጂኒያ ለካውንቲ ቦርድ ለመወዳደር ሕጉ የሚጠይቀው 125 ፊርማ ነው። ሲሰሙት ትንሽ ነው። ፈራሚው ግን የተመዘገበ መራጭ መሆን አለበት፤ አድራሻውም ዕጩው በሚወዳደርበት ክልል ውስጥ መሆን አለበት። ስለዚህ ብዙ ፊርማ ይጣላል ተብሎ እጥፉን መሰብሰብ ያስፈልጋል። ቅዳሜና እሁድ አብሬው ወጣሁ። እሱ ፈረንጆቹ የሚገበያዩበት ሱቅ በር ላይ ቆመ። እኔ የእኛ ሰዎች ወዳሉበት ሄድኩ፤ እንጀራ መሸጫው ጋ፣ ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ።

በእኔ ዕድሜ ያሉት አብዛኞቹ ሰሌዳውን ሲያዩ ፊታቸው ይለወጣል። «ይሄ ፊርማ ኋላ ምን ያመጣብኛል?» ይላሉ። አልፈረድኩባቸውም። በደርግ ጊዜ ስም መጻፍ ምን እንደሚያስከትል ያየ ትውልድ ነው። ወንድሙን ያጣ ሰው እስክሪብቶ ስትሰጠው እጁ ቢያፈገፍግ ምን ይደንቃል? እናንተ እዚህ ስላደጋችሁ ይህ አይገባችሁ ይሆናል። ወላጆቻችሁን ፖለቲካ አይወዱም ስትሉ ግን ይህን አስቡላቸው።

አንዲት ሆቴል የምትሠራ ሴት ነበረች። እሁድ ጠዋት ፈረቃዋ ለመድረስ በጨለማ ትሄዳለች፣ በእግሯ። የእሁድ አውቶቡስ ያስፈልጋል የሚል ዕጩ አለ ስላት እስክሪብቶውን ከእጄ ነጠቀችኝ። ዜግነት ግን ገና አልወሰደችም፤ መፈረም አትችልም። ይህን ስነግራት እስክሪብቶውን ቀስ ብላ መለሰችልኝ። አውቶቡሱ የሚያስፈልጋቸው መፈረም አይችሉም፤ መፈረም የሚችሉት ደግሞ መኪና አላቸው። ብዙ ነገር የገባኝ ያኔ ነው።

ፊርማው ሞላ። የምርጫው ቀን ደረሰ። ኅዳር መግቢያ ላይ ነው፤ ያን ቀን ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ከምርጫ ጣቢያው በር 40 ጫማ ርቀህ ነው መቆም የምትችለው፤ መሬቱ ላይ መስመር አለ። ከመስመሩ ወዲህ የዲሞክራቶቹና የሪፐብሊካኖቹ ሰዎች ባለቀለም የናሙና ወረቀት ይዘው ቆመዋል። በቨርጂኒያ የካውንቲ ዕጩዎች ስም ጎን የፓርቲ ስም አይጻፍም። ስለዚህ መራጩ ማን የማን እንደሆነ የሚያውቀው ከዚያች ወረቀት ነው። ተቀብሎ ይገባል፣ እያየ ያጠቁራል፣ ይወጣል። እኔም የእኛን ዕጩ ወረቀት ይዤ ቆሜያለሁ። ሰው በትሕትና ይቀበለኛል፣ አጣጥፎ ኪሱ ይከታል፣ የፓርቲውን በእጁ ይዞ ይገባል።

ከሰዓት በኋላ ከመሥሪያ ቤታችን አንዱ መጣ። ምሳ ሰዓት ላይ ከሁላችን በላይ የሚጮኸው እሱ ነው። አቀፈኝ። ዕጩውንም አቅፎ «ኮራንብህ» አለው። ገብቶ ሲወጣ ወደ እኔ ቀረብ ብሎ በጆሮዬ፣ «ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ግን እኮ አያሸንፍም» አለኝ። ለማን እንደመረጠ በዚያው ነገረኝ። ያን ቀን ያቺኑ ዓረፍተ ነገር ከብዙ ሰው አፍ ሰማኋት። ትክክል ነው፤ ግን አያሸንፍም። ሁሉም ሌላው ሰው እንደማይመርጠው እርግጠኛ ነበር።

ከሦስት ዕጩዎች ሦስተኛ ወጣ። በማግስቱ በሰዓቱ ሥራ ገባ። የፊርማ ሰሌዳውን መሳቢያው ውስጥ ከተተው፤ ሁለተኛም አልተወዳደረም። የእሁዱ አውቶቡስ ከዓመታት በኋላ መጣ። ያመጡት ያሸነፉት ሰዎች ናቸው፤ እሱ ያነሳውን ጉዳይ የራሳቸው አድርገው። ያኔ እሱ ጡረታ ወጥቶ ወደ ሌላ ስቴት ሄዶ ነበር። ልነግረው ደወልኩ፤ ስልኩ አይሠራም። ያ አውቶቡስ በፊቴ ባለፈ ቁጥር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እሱ በከንቱ ደከምኩ ብሎ ነው የሄደው።

ይህ ሰው ፖለቲካ የጀመረው በ1992 ነው፤ በግል ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው የሮስ ፔሮ ደጋፊ ነበር። እኔ ያኔ ዜግነት አልነበረኝም። ቤት የምንጋራ የአገር ልጆች ተሰብስበን ግን እናየው ነበር። አጭር ሰው፣ የቴክሳስ ባለጸጋ፣ በገዛ ገንዘቡ የቴሌቪዥን ሰዓት ገዝቶ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ በጀት ጉድለት በሰንጠረዥ ያስረዳል። አንዱ ጓደኛችን ቃል በቃል እየተከተለ ይተረጉምልን ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና እንደሱ ዓይነት ተርጓሚ አላየሁም። ፔሮ በሰኔ በአስተያየት ጥናቶች ሪፐብሊካኑን ቡሽንም (አባትየውን)፣ ዲሞክራቱን ክሊንተንንም ይመራ ነበር። በሐምሌ ወጣሁ አለ፤ በጥቅምት ተመለሰ። ያም ሆኖ 19 ከመቶ ገደማ፣ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ድምፅ አገኘ። ፕሬዚዳንቱን የሚወስነው በየስቴቱ የሚቆጠረው ድምፅ፣ ኤሌክቶራል ኮሌጅ የሚባለው ላይ ግን ዜሮ ነው። አንድ ስቴት አላሸነፈምና። የጉድለቱን ነገር ሁለቱም ፓርቲዎች ወሰዱለት። ልክ እንደ አውቶቡሱ።

ደግሞ ሦስተኛ መሆን በራሱ ጽድቅ አይደለም። ከሁለቱ ፓርቲዎች ውጭ ተወዳድሮ ለመጨረሻ ጊዜ ስቴት ያሸነፈው በ1968 ጆርጅ ዋላስ ነው። የዘር መለያየትን ይዞ የተነሳ ሰው ነው። «ከሁለቱ ውጭ ከሆነ ይሻላል» የምትሉ ይህን እንዳትረሱ።

ስለ ፍሎሪዳ ሰምታችኋል። በ2000 ሪፐብሊካኑ ቡሽ (ልጅየው) ዲሞክራቱን አል ጎርን በ537 ድምፅ ብቻ በልጦ ስቴቱንም ፕሬዚዳንትነቱንም ወሰደ። ለአረንጓዴ ፓርቲው ዕጩ ለራልፍ ኔደር የመረጡት እዚያው 97,488 ነበሩ። ጎርን አስሸነፉት ተብለው እስከ ዛሬ ድረስ እነዚያ ሰዎች ይሰደባሉ። እኔ አልሰድባቸውም። ካመኑበት ሰው ጋር ቆሙ። የድምፅ መስጫው ወረቀት ግን «እሱ ካልሆነስ ማን?» ብሎ አልጠየቃቸውም። ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው።

ይህን የሚጠይቅ አሠራር አለ። መራጩ ዕጩዎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ ደረጃ ይሰጣል። ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ የመጨረሻው ይወጣና የእሱ መራጮች ድምፅ ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ይዞራል። ሜይን በ2018 መጠቀም ጀመረች፤ አላስካ በ2022። ያ በጆሮዬ «አያሸንፍም» ያለኝ የመሥሪያ ቤት ባልደረባችን ይህ ቢኖርለት ኖሮ «አያሸንፍም» የምትለዋ ሰበብ አትኖረውም ነበር። ልቡን አንደኛ፣ ፍርሃቱን ሁለተኛ ማድረግ ይችል ነበር።

እዚህ ላይ ነው የልጅቷ ጥያቄ የሚከብደኝ። በ2024 ኮሎራዶ፣ አይዳሆ፣ ኔቫዳና ኦሪገን ይህንኑ አሠራር ለሕዝብ አቀረቡ። አራቱም ጋ ወደቀ። ሁለቱ ፓርቲዎች ሰልችተውኛል የሚለው ያው ሕዝብ ነው። አላስካም ልትሽረው ስትል በጥቂት መቶ ድምፅ ልዩነት ነው የተረፈው። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚባለው እዚህም ይሠራል መሰለኝ። ሰው ለውጥ ይፈልጋል። ቀድሞ መውጣቱን ነው የሚፈራው።

ቀድሞ የወጣ ሕዝብ ግን አለ። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር አዲስ አበባ ላይ ሰዉ ገና ሳይነጋ ተሰለፈ። እህቴ በስልክ ስትነግረኝ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ተቃዋሚው ቅንጅት ብቻቸውን ትንንሽ የነበሩ አራት ድርጅቶች ተጣምረው የመሠረቱት ነው። በከተማው ምክር ቤት ከ138 መቀመጫ 137ቱን አሸነፈ። ከዚያ በኋላ የሆነው የሚያሳዝን ነው፤ እዚህ አልገባበትም። ሰው አያሸንፉም የሚለውን የተወው ግን ጎረቤቱም ሰልፍ ላይ መሆኑን ስላየ ነው።

እዚህም ቅርባችን ታይቷል። በ2014 እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ካውንቲ ውስጥ ጆን ቪህስታት በግል ተወዳድሮ የዲሞክራቶች ብቻ በነበረው የካውንቲ ቦርድ ገባ። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያስወጣ የከተማ ባቡር ታቅዶ ነበር፤ እሱ ያን ተቃወመ። በኅዳር እንደገና ተመረጠ። በዚያው ወር ቦርዱ ባቡሩን ሰረዘው። ባቡሩ ይበጅ ነበር ወይስ አይበጅም፣ መሐንዲሶች ዛሬም ይከራከሩበታል፤ እኔ ይበጅ ነበር ባይ ነኝ። ሆኖም አንድ መቀመጫ ያን ያህል አንቀሳቀሰ።

እናንተ የዛሬ ልጆች ብልሆች ናችሁ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ዳኞች በስም ትጠሩልኛላችሁ። የካውንቲያችሁን ቦርድ ሰብሳቢ ግን አታውቁትም። ቲክቶክ ላይ አገር ታንቀጠቅጣላችሁ፤ ፕሬዚዳንት በማይመረጥበት ዓመት የምርጫ ጣቢያው ባዶ ነው። ሦስተኛ ሰው ማሸነፍ የሚችለው ደግሞ ያን ጊዜ ነው።

ለፕሬዚዳንትስ? ዲሲ ወይም ሜሪላንድ ከሆናችሁ ውጤቱ ይታወቃልና ካመናችሁበት ለሦስተኛው ምረጡ እላለሁ። ሁለቱ ፓርቲዎች አንገት ለአንገት የሚተናነቁባት ፔንሲልቬንያ ካላችሁ ግን ተዉት። ይህን ብዬ ደግሞ እጠራጠራለሁ። ቨርጂኒያም ከ1968 ጀምሮ እስከ 2004 ሁልጊዜ ሪፐብሊካን ነበረች፤ «ይታወቃል» ይባልላት ነበር። በ2008 ተገለበጠች። ስለዚህ ይህን ለኅሊናችሁ እተወዋለሁ፤ ከዚህ በላይ አላውቅበትም።

የማውቅበትን ልጠይቃችሁ። ዋሽንግተን ዲሲ በ2024 በደረጃ የመምረጥን አሠራር በሰፊ ድምፅ አጸድቃለች፤ እስከ አምስት ዕጩ ደረጃ መስጠት ይቻላል። እናቶቻችን አንድ ክብ ማጥቆር ነው የለመዱት። አንድን ሰው አምስት ጊዜ የሚያጠቁር ይኖራል፤ ግራ ገብቶት ወረቀቱን ጥሎ የሚወጣም ይኖራል። ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ፣ በአማርኛ፣ ሳትቸኩሉ። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ የሰበካ ጉባኤውን እኔ አነጋግራለሁ።