«የት ቀረች?» የሚልሽ ሰው አለ?

ከአንዲት ተማሪ የደረሰኝ ደብዳቤ ረዘም ያለ ነበር። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የአንደኛ ዓመት የናቹራል ተማሪ ነኝ። የመጣሁት ከደብረ ታቦር አካባቢ፣ ከገጠር ነው። አገር ቤት እያለሁ እናቴ በሌሊት ትቀሰቅሰኝና አብረን እናስቀድስ ነበር። እዚህ ከመጣሁ ያስቀደስኩት ሦስቴ ብቻ ነው። ዶርም ውስጥ ስድስት ነን፤ በእምነት ከእኔ ጋር አንድ የሆነች የለችም። ግቢ ጉባኤ (የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ጉባኤ) ሄድኩ፤ ሰው ብዙ ነው፣ ማንም አያውቀኝም። ሰው ልተዋወቅ ብዬ መዝሙር ክፍል ገባሁ። እሱ ደግሞ በሳምንት አራት ቀን ጥናት ሆነብኝ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ጂፒኤ 2.6 መጣ። ወንድሜ "መጀመሪያ ተመረቂ፣ እግዚአብሔር የትም አይሄድም" ይለኛል። ዲፓርትመንት መረጣም ደርሷል። እኔ የምወደው ኮምፒውተር ሳይንስ ነው። አንዲት ሲኒየር ግን "ጤና የጽድቅ ሥራ ነው፣ እሱን ሙይ" አለችኝ። ምን ይሻለኛል? ደግሞ በቅርቡ ወደ ዘጌ ገዳማት ጉዞ አለ። ልሂድ ወይስ ላጥና?»

እህቴ፣ ከወንድምሽ ልጀምር። እግዚአብሔር የትም አይሄድም ያለው እውነቱን ነው። የምትሄጂው አንቺ ነሽ። ስመረቅ እጀምራለሁ ያሉ ብዙ ልጆች አውቃለሁ። ተመረቁና ሥራ ልያዝ አሉ። ሥራ ያዙና ቤት ልከራይ፣ ልደላደል አሉ። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ ልማዱ ተቋረጠባቸው። የተቋረጠ ልማድ ደግሞ በ30 ዓመት ዕድሜ ሲቀጥሉት ከባድ ነው። ወንድምሽ ስለ ውጤትሽ መጨነቁ ግን ልክ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ከደብዳቤሽ ውስጥ ቆም ብዬ ያነበብኩት ስለ ጂፒኤው ያልሽውን አይደለም። «ሰው ብዙ ነው፣ ማንም አያውቀኝም» ያልሽውን ነው። አገር ቤት እናትሽ ነበሩ። አንድ እሑድ ብትቀሪ የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኛሽ ሰኞ ቤት ድረስ መጥታ «ታመሽ ነው?» ትላለች። እዚህ ሦስት ወር ብትጠፊ የሚያውቅ የለም። የጎደለሽ ይኸው ነው፤ «የት ቀረች?» የሚል ሰው። ብዙ ሰው አያስፈልግሽም፤ ሁለት ሦስት ይበቃል።

ጎጃም ውስጥ ነሽና አንድ ነገር ላስታውስሽ። የቅኔ ተማሪ ቀኑን ቅኔውን ሲቆጥር ይውልና ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ የእያንዳንዱን ልጅ ድካም በስሙ ያውቁታል፤ ቀርቶ የሚደበቅ የለም። ከጎጃም ቅኔ ቤቶች፣ ከዋሸራም ከጎንጅም፣ ሊቃውንት የወጡት እንዲህ ነው። አዳራሽ ሙሉ ሰው መሐል ተቀምጦ ማዳመጥ ጥሩ ነው፤ ግን እዚያ ውስጥ መደበቅ ቀላል ነው።

ግቢ ጉባኤውን የሚያስተባብረው ማኅበር ራሱ ሲጀመር በብዙ ሰው አልተጀመረም። በ1983 ዓ.ም. ደርግ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለወታደራዊ ሥልጠና ብላቴ አስገባ። በኋላ ማኅበረ ቅዱሳንን ከመሠረቱት መካከል እዚያ ካምፕ ውስጥ ተጠራርተው አብረው ይጸልዩ የነበሩ ልጆች ይገኙበታል። ማኅበሩ በ1984 ተመሠረተ። ዶርምሽ የቱንም ያህል ቢከፋ ከብላቴ አይከፋም።

ታዲያ ሰዎቹ እንዴት ይገኛሉ? ከጉባኤው 15 ደቂቃ ቀድመሽ ድረሺ። ወንበር የሚደረድሩ፣ ብርጭቆ የሚያጥቡ፣ ምንጣፍ የሚያነጥፉ ልጆች አሉ። እነሱ ጋ ሂጂና አብረሽ ሥሪ። አብሮ ብርጭቆ ያጠበ ሰው ስም ይጠያየቃል። በአንዳንድ ቦታ ሲኒየሮች ፍሬሾችን በ«ቤተሰብ» ይደለድላሉ። እናንተ ጋ ካለ «እኔ አልተደለደልኩም» በይ፤ ማንም አይስቅብሽም። ለቅዳሴ ደግሞ ለግቢሽ ቅርብ የሆነ አንድ አጥቢያ ያዢ። ሐይቁ ዳር ያለው ጊዮርጊስ ደስ ይላል፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ነገር ግን በየሳምንቱ ደብር የሚቀያይር ሰው የትም አይታወቅም። እዚያው የንስሐ አባት ያዢ። ባሕር ዳር እስክትመረቂ ብቻ ነሽ ብለሽ አታዘግዪው። ሌሊት ስትወጪም ለብቻሽ አትውጪ። ሰዓት ማየት የግድ ነው፤ ከሌሎች ጋር ተቀጣጥረሽ ሂጂ፣ ማታም በጊዜ ወደ ግቢ ተመለሺ።

ዶርምን በተመለከተ የሙስሊም ልጅ አብራሽ ካለች ዕድለኛ ነሽ። ለሱብሂ ሰላት ስትነሣ አንቺንም ትቀስቅስሽ። አልቀልድም። እኔ ፖሊ (የቴክኖሎጂው ግቢ) ስማር ለኪዳን የሚቀሰቅሰኝ ሙስሊም ጓደኛዬ ነበር። በረመዳን እኔ ለስሑር እቀሰቅሰው ነበር። አንዳችን የአንዳችንን እምነት አልነካንም፤ ሁለታችንም ግን አልተኛንም።

አሁን ወደ 2.6ቱ። እዚህ ላይ ዝም ብዬ አልመክርሽም፣ እኔም ወድቄበታለሁና። ሁለተኛ ዓመት ላይ የጥምቀት ወረብ ስናጠና ሰነበትን። በዓሉ አለፈ፣ ፋይናል መጣ። አልተዘጋጀሁም። «ለእሱ ብዬ ነው፣ እሱ ያውቃል» ብዬ ገባሁ። ሜካኒክስ ኤፍ መጣ። ለንስሐ አባቴ እያዘንኩ ነገርኳቸው፤ ያጽናኑኛል ብዬ ነበር። «ልጄ፣ ወረቡንስ ሌላው ይወርበዋል። ፈተናህን ማን ይፈተንልሃል?» አሉኝ። ኮርሱን በማግስቱ ዓመት ደግሜ ወሰድኩት፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሁሉ ጁኒየሮቼ ነበሩ።

ስለዚህ መዝሙር ክፍሉን አትተዪ፣ ግን አራት ቀኑን ወደ አንድ ቀን አውርጂው። የሚይዝሽ ይሉኝታ እንደሆነ አውቃለሁ። እምቢ ማለት ከእግዚአብሔር ጋር መጣላት ይመስለናል። ለአስተባባሪው እንዲህ በይው፦ «ቅዳሜ ሁልጊዜ እመጣለሁ፣ አልቀርም። ሌላውን ቀን አጠናለሁ።» ጤነኛ ጉባኤ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። እንዲያውም ብዙ ግቢ ጉባኤዎች ከኋላ ለቀሩ ተማሪዎች ቱቶሪያል ያዘጋጃሉ። ካልኩለስ ወይም ኬሚስትሪ ከበደሽ እዚያው ጠይቂ፤ የምታስጠናሽ ሲኒየር ጓደኛም ትሆንሻለች። «ትምህርት ዓለማዊ ነው፣ ተዪው» የሚልሽ ሰው ካጋጠመሽ ግን ራቅ በይ። በኋላ የመውጫ ፈተናው ላይ አብሮሽ አይቀመጥም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን እንደማይወስድ ታውቂያለሽ።

ዐቢይ ጾም ሲመጣ ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል። 55 ቀን ነው፤ የአዘቦት ቅዳሴው ከሰዓት 9 ሰዓት አካባቢ ነው የሚያልቀው፤ ላብራቶሪ ያለብሽ ቀን አይገጣጠምም። እስከ ስንት ሰዓት እንደምትጾሚ ራስሽ አትወስኚ፣ ጓደኛሽም አትወስንልሽ። የትምህርት ፕሮግራምሽን ይዘሽ ሄደሽ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። ወረቀቱን አሳዪያቸው።

ዲፓርትመንቱ ላይ ከሲኒየሯ ጋር አልስማማም። በቅን ልብ እንደተናገረች አልጠራጠርም። ግን ደም ማየት የማትችል ልጅ ለጽድቅ ብላ ነርስ ስትሆን የሚጎዳው በሽተኛው ነው። ኮምፒውተር የምትወጂ ከሆነ ኮምፒውተር ምረጪ። ከመወሰንሽ በፊት ግን ሁለት ነገር አድርጊ። መጀመሪያ፣ ፖሊ ሄደሽ የሦስተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ፈልጊና ምን እንደከበዳት ጠይቂያት። ሁለተኛ፣ በስልክሽም ሆነ በላይብረሪው ኮምፒውተር ትንሽ ኮድ መጻፍ ሞክሪ። ሁለት ሳምንት ሞክረሽ ካልሰለቸሽ መልሱን አገኘሽ።

ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ። ዲፓርትመንት ስትመርጪ ግቢም እየመረጥሽ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ፖሊ ያስገባሻል፤ ጤና ደግሞ ጥበበ ጊዮን ግቢ። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. ፔዳ (የመምህራን ኮሌጁ) እና ፖሊ (ፖሊ ቴክኒኩ) ተዋሕደው አንድ ይሁን እንጂ ለተማሪው ዛሬም የየግቢው ኑሮ ለየብቻ ነው፤ ጉባኤውም እንዲሁ። ብዙ ልጆች አንደኛ ዓመት ላይ ጥሩ ይዘው ግቢ ሲቀይሩ የሚጠፉት ለዚህ ነው። ምደባው እንደታወቀ፣ ሻንጣሽን ሳትጭኚ፣ በምትሄጂበት ግቢ ካሉት የአንዲቷን ልጅ ስልክ ያዢ። ስትመረቂም እንዲሁ፤ ሥራ የምትገቢበት ከተማ ላይ ሰው ሳትይዢ አትሂጂ።

አገልግሎትሽ ለሥራም ይጠቅምሻል፣ ካወቅሽበት። ሲቪሽ ላይ «በመንፈሳዊ አገልግሎት የተጋች» ብለሽ አትጻፊ፤ ቀጣሪው ምን እንደሠራሽ አይገባውም። ሒሳብ ያዥ ከሆንሽ የስንት ሰው መዋጮ እንደያዝሽ ጻፊ። ጉዞ ካስተባበርሽ ስንት ሰው በስንት ጀልባ እንደወሰድሽ ጻፊ። ቃለ ጉባኤ ከያዝሽም ጻፊው፤ በደንብ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ምሩቅ ምን ያህል እንደሚፈለግ ብታውቂ። በሌላ በኩል፣ «የእኛ ልጅ ነው» ተብሎ ሥራ ማግኘትን አትለማመጂ። ሥራ የሚጠቁም ወንድም መኖሩ መልካም ነው፤ ውድድሩን ግን ራስሽ ግቢበት።

ይህን የምታነቡ ወንጌላውያን ተማሪዎችም አትከፉ፤ የእናንተም ጥያቄ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ባሕር ዳር ላይ ቁጥራችሁ ያንስ ይሆናል፤ ኢቫሱ የሚባለው የተማሪዎች ኅብረት ግን የተቋቋመው ለዚሁ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የግቢ ተማሪዎች ፌሎሺፕ የት እንደሚሰበሰብ ጠይቁ። የማንም ይሁን የማን፣ ግቢ ውስጥ ጸሎት ለማሰባሰብ አትሞክሩ። የመንግሥት ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ እንዲሆን ሕገ መንግሥቱም ይላል። ዶርም ውስጥ ጮክ ብሎ መዘመርም ነገ ፈተና ላለባት ልጅ በደል ነው።

ወደ ዘጌው። ፈተናሽ ሁለት ሳምንት ከቀረው ሂጂ። ጀልባ ላይ አብረሽ የምትቀመጪው ልጅ አንድ ሴሚስተር አዳራሽ ውስጥ ያላገኘሻት ልትሆን ትችላለች። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ትሳለሚያለሽ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ጊዜ ወስደሽ እዪ። ጉዞው በክብራን ገብርኤል ገዳም የሚያልፍ ከሆነ እዚያ ሴት አይገባም፤ ወንዶቹ እስኪመለሱ አጠገቡ እንጦስ ኢየሱስ አለልሽ። ፈተናው በሚቀጥለው ሳምንት ከሆነ ግን ቅሪ። ገንዘቡን ለማትችል ልጅ ስጪ፣ ስትመለስ የዘጌ ቡና ታምጣልሽ።